ነፋሱ በየት በኩል ነበር

ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ላስ ቬጋስ

ዛሬም ሊያ በቪዲዮ ደወለች። ኮሮና ከገባ ወዲህ የልጅ ልጄን የማያት በስልክ ብቻ ነው። ለአርክቴክቸር ትምህርቷ የባሕር ዳርቻ ቤት እየነደፈች ስለሆነ፣ ስላደግሁበት ስለ አሰብ ትጠይቀኛለች። ንድፉን አሳየችኝ። ነጭ ሣጥን ነው፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት።

"እንቁላል መጥበሻ ነው የሠራሽው?" አልኳት።

"አባባ! እሺ፣ አንተ ሙቀቱን እንዴት ቻልከው?"

"በረንዳችን ሰፊ ነበር፤ መስኮቱ የእንጨት ርብራብ። ማታ ደግሞ ደጅ ነበር የምንተኛው።"

ደነገጠች። "ሆምለስ ነበርክ?"

እስኪያስለኝ ሳቅሁ። አሰብ ውስጥ ሰው ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ነፋስ ላይ እንደሚተኛ ነገርኳት።

"ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚመጣው? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ ልጨርስ ነው።"

ልጨርስ ነው ስትል ሆዴ ባባ። ከጨረሰች ማን ይደውልልኛል? አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ግን "ረሳሁት፤ ነገ ደውይ፣ አስታውሰዋለሁ" አልኳት።

"ኦኬ አባባ፣ አትጨነቅ። ኢንተርኔት ላይ ቼክ አደርጋለሁ" ብላ ዘጋችው።

ቤቱ ጭር አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኢንተርኔቱም ባያውቀው ብዬ ተመኘሁ።