በሃግ ሌን ቁጥር 9 ወጥ ቤት ሥር ስላለው ጉድጓድ

ለተከበሩ የሮዋንብሪጅ የቤት ብድር ማኅበር
የጸደቁ ጠበቆች ዝርዝር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቆሙበት ወለል ጽናትን እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴንና ሳንባዬን ካልቆጠርን ደህና ነኝ። ስሜ ክሊፎርድ ታክረይ ይባላል። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤትን በአሥራ አምስት ዓመቴ ለቅቄ ሃያ ሁለት ዓመት በስካርብሩክ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠርቻለሁ፤ የቀረውን ትምህርት ያገኘሁት ከማዕድን ሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ሁለት ጊዜ «ደንበኛችን ስላልሆኑ እናዝናለን» የሚል ትሁት መልስ ስለ ደረሰኝ፣ ሦስተኛውን በመንደራችን ጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ጋዜጣው ደንበኛ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ነገሩ ይህ ነው። ልጄ ሎረን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የተከራየችውን ቤት ባለቤቱ ስለ ፈለገው በወሩ መጨረሻ ትለቃለች። ስለዚህ እናንተ በምታበድሯት ገንዘብ የሃግ ሌንን ቁጥር 9 ልትገዛ ነው። ሻጩና እርሷ የተፈረመውን ውል የሚለዋወጡት በመጪው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው። በአገራችን ደንብ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም ወገን «ይቅርብኝ» ማለት ይችላል፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ቤቱ ከነሥሩ የእርሷ ይሆናል። እኔ የምጽፍልዎ ስለ ሥሩ ነው።

አንደኛ፤ ልጄ ጠበቃዋን በነጻነት እንድትመርጥ፣ ከዝርዝራችሁ እስካልወጣች ድረስ፣ ስለ ፈቀዳችሁላት ከልብ አመሰግናለሁ። የመንደራችን ጠበቃ ሚስተር ኤንደርቢ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ብቻቸውን የሚሠሩ በመሆናቸውና በዓመት የሚጨርሱት የቤት ውል ጥቂት በመሆኑ ሰርዛችኋቸዋል። ጥቂት የሆነበትን ምክንያት ልንገርዎ። እኚህ ሰው ማንኛውም ደንበኛ ከመፈረሙ በፊት ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ቤቱን በእግራቸው ሄደው ያያሉ። ከዚያም በዚያ መንገድ ሥር የሠራ አንድ ሽማግሌ ፈልገው፣ ሻይ አብረው ጠጥተው፣ ከታች ምን እንዳለ ይጠይቁታል። የነገራቸውንም በእርሳስ በደብተራቸው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለ ሰው በቀን አርባ ፋይል እንደማይጨርስ እኔም እረዳለሁ። በእርግጥ ሎረን ሚስተር ኤንደርቢን ለራሷ፣ የጸደቀውን ጠበቃ ደግሞ ለእናንተ መቅጠር እንደምትችል በትህትና ገልጻችሁላታል። ለሁለት ጠበቃ የሚከፍል አቅም ያለው ሰው ግን በሃግ ሌን ቤት አይገዛም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጸደቀው ጠበቃ። ቢሯቸው በደቡብ ጠረፍ፣ የባሕር አየር በሚነፍስበት፣ ከእኛ መንደር የአምስት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ጠበቃውን እኔ እስከ ዛሬ አላየኋቸውም። በስልክ ያገኘኋት ጄድ የምትባል ፋይል ያዥ ናት፤ ከእርሷ በፊት ሌላ ነበረች፤ ከእርሷም በኋላ ሌላ እንደምትመጣ ራሷ ነግራኛለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ በእርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ከወጥ ቤቱ ሥር የአሮጌ ማዕድን የአየር መሳቢያ ጉድጓድ እንዳለ ስነግራት ወረቀቷን አገላብጣ፣ «አባባ፣ አይጨነቁ፤ በመዝገቡ ላይ ምንም ጉድጓድ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በመዝገቡ ላይ የለም። ጉድጓዱ መዝገብ ስለማያነብ ይህን አልሰማም።

ሦስተኛ፤ እንዴት እንዳወቅሁ። በ1974 እኔና ዋልተር ፕሪስት፣ ነፍሱን ይማርና፣ የምንቆፍረው ግድግዳ ተንዶ ከእኛ በፊት ማን እንደ ቆፈረው ወደማይታወቅ አሮጌ መተላለፊያ ገባን። ጥቂት እንደ ተራመድን ቀዝቃዛ ውሃ ማጅራቴ ላይ ጠብ አለ። መብራቴን ወደ ላይ ባነሳው ጣሪያ የለም። በጡብ የተገነባ ክብ ጉድጓድ ነው፤ ከፍታው መቶ ሰማንያ ጫማ ያህል ይሆናል፤ አናቱ ላይ ወራጅ እንጨት ተጋድሞበታል፤ ከእንጨቱ በላይ ያለው አፈር፣ ሣርና ላም ሁሉ በእርሱ ላይ ነው የተኛው። እንጨቱ ያኔውኑ በስብሶ ጠቁሮ ነበር። ዋልተር ቀልደኛ ሰው ነበር፤ በዚያን ዕለት ግን «ክሊፍ፣ በቀስታ ተንፍስ» ብቻ አለኝ። በኮምፓስና በገመድ ለክተን ወጣን፤ በምድሩ ላይ ስናሰላው ከመንደራችን ጸሎት ቤት ማዕዘን ወደ ምሥራቅ አርባ አንድ እርምጃ ሆነ፤ ዛሬ የቁጥር 9 ወጥ ቤት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለፈረቃ አለቃችን ነገርነው። መንግሥት ከሰማ ክፍሉን ይዘጋብናል፣ ስድሳ ሰው እንጀራውን ያጣል፣ ዝም በሉ አለ። ዝም አልን። መዝገባችሁ ንጹሕ የሆነው በእኔ ዝምታ ጭምር ነው፤ ይህን ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔው ልንገርዎ። በ1989 በሜዳው ላይ ቤት ሲሠራ ደነገጥሁና ለሚስተር ኤንደርቢ ሄጄ ነገርኋቸው። በእርሳስ ጻፉት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ገዢዎችን ከሃግ ሌን መልሰዋል። ያ ደብተር ዛሬም ከቁጥር 9 ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ እናንተ ከዝርዝራችሁ ስትሰርዙ የሰረዛችሁት ሰውየውን ብቻ መስሏችሁ ነበር። ሚስተር ኤንደርቢ የገጹን ግልባጭ ወደ ደቡብ ልከው ነበር፤ በጉዳዩ ውስጥ ወኪል አይደሉም የሚል መልስ ደረሳቸው።

አራተኛ፤ ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። የጸደቀው ጠበቃ የልጄም የእናንተም ጠበቃ ናቸው። ስለዚህ እኔ የምናገረው፣ ደንበኛ ስላልሆንሁ፣ ፋይል ውስጥ አይገባም። እርሷ ከተናገረችው ግን ለእናንተ እንዲያሳውቁ ፈቃዷን ይጠይቋታል፤ ብትፈቅድ ብድሩ ይቆማል፤ ብትከለክል ጠበቃው ጉዳዩን ይተዉታል፣ ግዢውም ይቆማል። ልጄ ቤት የምታገኘው ዝም ካለች ብቻ ነው ማለት ነው። ዝምታ እንዴት እንደሚጣፍጥ እኔ አውቃለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት በልቼዋለሁ።

ቤቱን ልናይ አብረን በሄድን ጊዜ ውሃ ልኬን ከኪሴ አውጥቼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አስቀመጥሁት። አረፋው መሐል አልቆመም፤ ወለሉ ወደ መስኮቱ ማዕዘን አዘንብሏል። ሎረን በዚያች ማዕዘን ፀሐይ እንደምትገባና የሕፃኑን ወንበር እዚያ እንደምታደርገው እየነገረችኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ማዕድን ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀብሬ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ፈርቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ልጄን አቅፌ ስስማት እንኳ ዓይኔ እግሯ ሥር ነው።

ወደ መኪናው ስንመለስ ነገርኋት። «አባዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነው በል፤ አትሞትም። እናቴ አርባ ዓመት ጠብቃ ሳትሰማው አረፈች። ለእኔ በልልኝ» አለችኝ። ባለፈው ማክሰኞ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ፣ ከማውጣቴ በፊት፣ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ኮቷን አነሣች፤ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። በሩን ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከሐሙስ በፊት ሁለት ሰውና አንድ የመሬት መሰርሰሪያ ይላኩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቦታውን እኔ አሳያለሁ። ጠንካራ ድንጋይ ብቻ ካገኙ በዚሁ ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ «ክሊፎርድ ታክረይ ተሳስቷል» ብዬ በገዛ ስሜ አወጣለሁ፤ ሎረንም ቆርጣ በዚያው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ትስቀለው። በሕይወቴ ተሳስቼ መገኘትን የለመንሁበት ቀን ቢኖር ይህ ነው። መሰርሰሪያው ካልመጣ ግን ሐሙስ ጧት ደብተሩንና ሚስተር ኤንደርቢን ይዤ በቁጥር 9 ደጃፍ እቆማለሁ። ልጄ ዳግመኛ ባታናግረኝም እቆማለሁ፤ የማታናግረኝ ልጅ በሕይወት ያለች ልጅ ናትና።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሁለቱ ትሁት መልሶችዎና ሳያዩ ስላጸደቁልን ሁሉ በድጋሚ እያመሰገንሁ፣

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣ ወለሉ እስከቻለ ድረስ፣
ክሊፎርድ ታክረይ
ስካርብሩክ፣ ዮርክሽር

ግልባጭ፦
ለጄድ፣ ወይም በዚህ ሳምንት በወንበሯ ለተቀመጠችው
ለሚስተር ኤንደርቢ ደብተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአካል ለመምጣት ቢፈቅዱ ሻዩ ከእኔ ነው። የጸደቁ ጠበቆችን ዝርዝር ግን ይዘውልኝ ይምጡ። እጅግ ረጅም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ገጾቹን ጫፍ ለጫፍ አጣብቀን ወደ ጉድጓዱ እንልቀቀውና መሬት ይነካ እንደሆነ አብረን እንይ።