ቅቤ የተከለከልሽበት ቅዳሜ

እታለሜ፣

ያረፍሽው ገብስ ሲታጨድ ነበር፤ ይኸው ገብሱ እንደገና ደርሷል። ሙት ዓመትሽ ተቃርቧል።

ቤቱ እንዳለ ነው ብዬ አልዋሽሽም። እማዬ ከሏን አላወለቀችም። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍናዋለች፤ አንቺ ያለሽበት ድራማ ድንገት እንዳይመጣባት ትፈራለች። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። ቁመቴም ጨምሯል፤ አሁን ብትመጪ ሻንጣሽን ብቻዬን አወርድልሽ ነበር።

ያን ቅዳሜ አልረሳውም። በድራማው የእንጀራ ልጇን የምታሰቃየውን ሴት ስትጫወቺ አገሩ ሁሉ ያይሽ ነበር። ከአዲስ አበባ በመጣሽ ማግስት እማዬ ቅቤ ግዙ ብላ ደባርቅ ገበያ ላከችን። ቅቤ ሻጯ እትዬ ዘውዴ ገና ሲያዩሽ ቅላቸውን ከደኑት።

«ለአንቺ አልሸጥም። ያቺን የሙት ልጅ እራት ነስተሽ እያሳደርሽ ቅቤ ያምርሻል ደግሞ?» አሉሽ።

«ኧረ እትዬ፣ ድራማ ነው» ስላቸው፣ «ዝም በል አንተ፤ እንዲህ እየሸፈናችሁላት ነው የባሰባት» አሉኝ።

አንገትሽን ደፍተሽ ይቅርታ ጠየቅሻቸው። ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ እየሳቅሽ፣ ከዚህ የበለጠ ሽልማት ማንም አይሰጠኝም አልሽኝ።

የድራማው አዘጋጅ አዲስ አበባ ቅሪ ይልሽ ነበር። እማዬም አንዱን ሥራ ይዘሽ እረፊ ትልሽ ነበር። አንቺ ቀረጻ በቆመ ቁጥር አውቶቡስ ትሳፈሪና ዳባት እስክትደርሺ የራስሽን ቲያትር ትጽፊያለሽ፤ ደባርቅ ስትገቢ ደግሞ እኛን የትምህርት ቤት ልጆች ሰብስበሽ ታለማምጂያለሽ። ድራማው፣ ጽሑፉና ልምምዱ ሦስቱም ጉልቻዎቼ ናቸው፣ አንዱን ባነሳው ድስቱ ይደፋል ትይ ነበር። አንዴ አውቶቡስ ላይ ድምፅሽን አውጥተሽ ስታጠኚ፣ ከባልሽ ጋር በስልክ የምትጣዪ የመሰላቸው ሽማግሌ «ስልኩን ወዲህ በይ፣ እኔ ላስታርቃችሁ» አሉሽ። ያን ስትነግሪን እማዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ለገበያተኛው ልናሳየው የነበረውን ቲያትር ሳትጨርሺ ሕመሙ ቀደመሽ። በቲያትሩ አንዲት የጊች መንደር ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ልትድራት የምትጣደፈውን አክስት የምትጫወቺው አንቺ ነበርሽ። ከሄድሽ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። ልጅቷን የምትጫወተው የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሐያት ግን ያለማቋረጥ ወተወተችኝ፤ የአንቺን ቦታ አንተ ካልያዝከው ማን ይያዘው አለችኝ። ፈራሁ። ጎረቤት «የእህቱ ዓመት እንኳ ሳይወጣ» ማለቱ አይቀርም፤ ደግሞ ሥራሽን ባበላሽብሽስ?

እማዬን ጠየቅኳት። «እሷ ለሰው ቀጠሮ ሰጥታ የለ? ቀጥሮ መቅረት አሳዳጊ የበደለው ሰው ሥራ ነው» አለችኝ።

አክስቲቱን አጎት አደረግናት። ባለፈው ቅዳሜ የአያታችንን ካፖርት ለብሼ እህል ተራው አጠገብ ቆምኩ። መጀመሪያ ድምፄ ጠፋኝ። ከዚያ ምክርሽ ትዝ አለኝ፤ ክፉ ሰው ክፉ መሆኑን አያውቅም፣ የምትጠቅም እየመሰለህ ተናገር ብለሽኝ ነበር። እንደዚያው አደረግሁ። የሐያትን ደብተር ነጥቄ ወረወርኩት።

ሲያልቅ ለሙት ዓመትሽ ድግስ የታዘዝኩትን ቅቤ ልገዛ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ቅሉን ከደኑት።

«መጀመሪያ ልጅቷን ትምህርት ቤቷ መልሳት» አሉኝ።

ባዶ እጄን ቤት ገባሁ። እማዬ ቅቤው የታለ አለችኝ። እትዬ ዘውዴ ከለከሉኝ አልኳት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ላስለቅሳት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ሳቀች። ካንቺ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ማታ ቴሌቪዥኑን ገለጠችው።

እታለሜ፣ ዳባት ገበያም መጥታችሁ አሳዩን ብለውናል። ፈተናዬን እንደጨረስኩ እንሄዳለን። የትም ገበያ ብቆም፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት አንቺን አስባለሁ። ቅቤውን ግን ከእንግዲህ ሐያት ትግዛልን።

ታናሽ ወንድምሽ