ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ

እህት ዓለም፣

እናታችን ትሙት፣ የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው።

ነገ ለምታስተምሪያቸው ሕፃናት ስለ ዝናብ ወራት ያዘጋጀሽው፣ ነጥቦቹ በቁጥር ሲገናኙ ጃንጥላ የሚሆነው ወረቀት ላይ ሻይ ፈሶበታል። ማን እንዳፈሰሰው አንጠያየቅ። ዋናውን ስሚ፦ ላጲስ ሳልነካ፣ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ሌላ ሠርቼልሻለሁ። ላጲስ የፈሪ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ ተጋፍቶ አጨብጭቦልኛል።

ሲገናኝ ዳክዬ ይመስላል የሚል ካለ፣ ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። አንዲት ነጥብ አልቀይርም! ይህ ያልገባው የአራት ዓመት ልጅ ካለ ዝናቡ ራሱ ያስተምረው።

ፎቶ ኮፒ ሲያነሱልሽ ቀለሙን ያድምቁት።

የራሰው ወረቀትሽ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል፤ ጫፉ አልደረቀምና እንዳትነኪው።
ስትሠሪው ዐይንሽ ቀልቶ እንደነበር አይቻለሁ።
ተዪው እንግዲህ።

ለትልቅ ጉዳይ ወጥቻለሁ።

ወንድምሽ፣ የነጥብ ንጉሥ


ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። እኔን በቁሜ ገድሎ የጻፈውን እንዳታምኚ። ጎረቤት የሚባል አልመጣም። ጠዋቱን ሙሉ ሲያጠፋ ሲደግም ላጲስሽን ጨርሶታል። አሁንም የወጣው ሌላ ሊገዛ ነው።