ውዱእ ያልፈሰሰበት ሳጥን አይሸጥም
የኢንጂነር ሱዓድ በሽር የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ሱዓድ ከአባታቸው ከሼህ በሽር አሊ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጡሜ እንድሪስ በ1964 ዓ.ም. በጨፋ ሮቢት ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በከሚሴ ተምረው፣ በአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በ1991 ዓ.ም. ከአቶ በድሩ ዩሱፍ ጋር ኒካህ አስረው ኢማንንና ሙህዲንን ወልደዋል።

የሞተ ሰው ሁሉ ገር ነበር ይባላል። ሱዓድ ገር አልነበሩም፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ፣ እኛም አናሳምርላቸውም።

በ2007 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከአቶ ነጂብ ጋር፣ በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚያመርተውን «ጨፋ ብልሃት»ን በከሚሴ መሠረቱ። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች በጨፋ ሸለቆ ተተክለው ብዙም ሳይቆዩ ተቃጠሉ። ሱዓድ በየማሳው ዞረው ምክንያቱን አገኙት። ገበሬው ለሶላት ውዱእ የሚያደርገው ፓምፑ ውሃ በሚተፋበት ቦታ ነው፤ ሳጥኑም እዚያው አጠገቡ ነበር። አቶ ነጂብ «ውሃ አይንካው» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት አሉ። ሱዓድ ግን «የምናስተካክለው ሳጥኑን ነው ወይስ የገበሬውን ሶላት?» ብለው ሁሉንም አስነቅለው ወደ ድርጅቱ መለሱ። ድርጅቱ ሊዘጋ ደረሰ፤ አበዱ ተባሉ፤ ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሳጥን ሁሉ በድርጅቱ ግቢ የውዱእ ቧንቧ ሥር ተሰቅሎ ሠራተኛው ሲታጠብበት ይከርማል። «ሳጥኑ ከእኛ በላይ ውዱእ አለው» እየተባለ ተቀልዷል። ጠብታ ከገባው የሱዓድ ቃል አንዲት ናት፦ «ሂንታኡ!» አይሆንም ማለታቸው ነው። ወይዘሪት ሳሚያ የበየደችውን ደጋግመው ሲያስፈቱባት አልቅሳ ወጥታ ነበር፤ ዛሬ የምርት ክፍሉ ኃላፊ ናት። በሰው ፊት ማስለቀሳቸው ልክ ነበር አንልም። ነገር ግን የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ባጥለቀለቀበት ክረምት ሳጥኖቹ ከደለል ውስጥ ተጎትተው ወጥተው ሠርተዋል። ጨካኝ ናቸው ሲል የነበረው ሁሉ በዚያ በጋ ሰብሉን ያጠጣው በእነሱ ነው።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ሳሉ፣ ገዢ የቸኮለበት አዲሱ ሳጥን አልጋቸው ድረስ መጣ። አቶ ነጂብ «እህቴ፣ ክዳኑ ከውስጥ የያዘው ትንሽ ላብ ነው፣ ይለፍ» ብለው ለመኑ። ሱዓድ ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው ዳሰሱና «ሂንታኡ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከሸሃዳ በቀር የተናገሩት የለም። ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል።

ከጠዋት ጀምሮ «እንግዲህ ሳጥኑ ይሸጣል?» የምትሉ አላችሁ። ሳጥኑ ተመልሶ ቧንቧው ሥር ተሰቅሏል። ዛሬ ለጀናዛቸው ሶላት ከግቢው የወጣችሁ ሁሉ ውዱእ ያደረጋችሁት በእሱ ላይ ነው። ሳሚያ ክዳኑን ከፍታ አይታዋለች። አይሸጥም።

አላህ ቀብራቸውን ሰፊና ብሩህ ያድርግላቸው፤ እሳቸው ያላሳለፉትን እኛም እንዳናሳልፍ ልብ ይስጠን። አሚን።