ዳኛዋ ዴክላንን የጠየቁት

ልጄ ብሪጂት፣

የኦስሎ ብርድ አይድፈርሽ፤ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። እኛ ደህና ነን። የሐይቁ በረዶ ቀልጧል፤ እናትሽም ቲማቲሟን ተክላለች።

የወንድምሽን የዴክላንን ነገር ሰምተሻል። ከጓደኞቹ ጋር የጎረቤታችንን የፕሩትን ጀልባ ሳያስፈቅዱ ወስደው ከወደቡ ድንጋይ ጋር አላትመው ሰባብረዋታል። የነዳው ዴክላን ነው ተባለ። ሰኞ የወጣቶች ፍርድ ቤት ቀረብን። ጠበቃው፣ "ማመን፣ መካድ ወይም ሳያምንም ሳይክድም 'አልከራከርም' ብሎ ቅጣቱን መቀበል ይችላል" አለን። "አልከራከርም" የፈሪ ቃል ነው ብዬ እንዲያምን አዘዝኩት። አመነ።

ዳኛዋ ግን በዚያ አላበቁም።

"ዴክላን፣ እመን ብሎ ያስገደደህ ሰው አለ?"

"አባቴ። ካላመንክ ቤቴ አትገባም ብሎኛል።"

"ኧረ እኔ…" ብዬ ብድግ አልኩ።

"ሚስተር ኪን፣ ይቀመጡ! የተከሰሱት እርስዎ አይደሉም።"

ጠበቃው ሳቁን ዋጠ። ዳኛዋ የእምነት ቃሉን ሰርዘው "ክዷል" ብለው መዘገቡና ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

መኪና ውስጥ ጮህኩበት። "ስንቴ ጮህክብኝ፣ አባዬ! ነድተሃል ወይ ብለህ ግን አንዴም አልጠየቅከኝም" አለኝ።

ነድቶ ከሆነ ይቀጣል፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ያልሠራውን አምኖ እንዲቀጣ ግን አልፈቅድም። ትናንት ጠየቅኩት፤ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋብኝ። አንቺን አይዋሽሽምና እባክሽ ደውይለት። የሚነግርሽን ለእኔ አትንገሪኝ፤ "ለአባዬ ራስህ ንገረው" ብቻ በዪው። እስኪነግረኝ በየማታው በሩን አንኳኳለሁ።

አምላክ እናንተን እውነት ተናጋሪ፣ እኔን አድማጭ ያድርገን።

አባትሽ