የወለተ ማርያም ቀለም

ሰኞ፣ ሰኔ 5 ቀን 2009

አራት ዓይነት ቀይ! ቀኑን ሙሉ የወረዳችንን የነፍሰ ጡሮች መከታተያ አፕ ስበረብር ዋልኩ። በአንዱ የዳሽቦርድ ገጽ ቀይ ማለት ለአደጋ የተጋለጠች እናት ናት። በሌላው ብዙ ወሊድ ያለበት ቀበሌ ነው፤ እሱማ ደስ የሚል ነገር ነው። በሦስተኛው መድኃኒት አልቋል ማለት ነው። በአራተኛው ምንም ማለት አይደለም፤ የሠራው ሰው ቀይ ስለሚወድ ብቻ።

አለቃዬ አቶ ጌትነት ቅዳሜ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ እስከዚያ ቀለሞቹን አስማሚልኝ ብሎኛል። ደግሞ እንደ አደይ አበባ ይድመቅ አለ። ለእሱ የሚታየው ድምቀቱ ነው።

ለመሞከሪያ አንዲት የሌለች እናት መዘገብኩ። ስም ሲጠይቀኝ እጄ ሳላስበው ወለተ ማርያም ብሎ ጻፈ። የእናቴ የክርስትና ስም ነው። ታናሽ እህቴን ትርንጎን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ ከትውልድ ቀበሌያችን ከቤተ ልሔም በቃሬዛ ይዘዋት ሲወጡ፣ መኪና መንገድ ሳይደርሱ። አሁን እኔ የደም ግፊቷን ዝቅ ሳደርገው ስሟ አረንጓዴ ይሆናል። እየመላለስኩ አረንጓዴ አደረግኳት። ሥራ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ናፍቃኛለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 6

ተሳካልኝ። ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም ገጽ፦
ቀይ፣ አደጋ ብቻ።
ቢጫ፣ ጠብቁ።
አረንጓዴ፣ ደህና።
ግራጫ፣ ወሬዋ አልደረሰንም።
የወሊዱን ካርታ ሰማያዊ አደረግኩት። አቶ ጌትነት አይቶ ቀዘቀዘ አለ። ይቀዝቅዝ።

ደስታዬ ግን ከሰዓት አልዘለቀም። ከየቀበሌው ታብሌት የመጣውን መረጃ ስከፍት ከቤተ ልሔም በኩል አንድ ስም ቀልቶ ወጣ። ትርንጎ። ባለፈው ክትትሏ ግፊቷ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ በዚያ ሁሉ ቀይ መሀል ማንም አላየውም። እኔም አላየሁትም። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዷል፤ የምትኖረው ከአባታችን ከአባ ጋር ነው።

የአባ ስልክ አይሠራም። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለምነሽ ግን አነሳችልኝ። ነገ ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ አለች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 7

አለምነሽ ሄዳ ነበር። ትርንጎ ወፍጮ ቤት ሄዳ ስላላገኘቻት ታብሌቱን ለአባ አሳይታ፣ ስሟ ቀይ ሆኗል ይንገሯት ብላ ወደ ሌላ ቤት አልፋለች። በእኛ መሥሪያ ቤት ቀይ ከተባለ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ትመጣለች ብዬ አልጋዬን አነጠፍኩላት፤ እኔ መሬት እተኛለሁ። ልጅ ሆነን አንድ ጋቢ ስንጓተት እናድር ነበር። ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ነበረች።

አልመጣችም። በዝናቡ መብራቱ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ገጹ እንደገና በተከፈተ ቁጥር ስሟ መጀመሪያ ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይቀላል። ግራጫ ሆኖ በሚቆይባት ቅጽበት ዓይኔን ከገጹ አልነቅልም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 8

አባን አገኘኋቸው። አባቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ በስልክ እንዲህ ደስ ብሏቸው ከሰማኋቸው ቆይቻለሁ።

“ስሟን በቀይ አስጻፍሽላት አሉ፣ እንደ እመቤታችን። ተባረኪ ልጄ። ተማሪዎቹ ሁሉ እልል አሉ።”

በእርሳቸው መጻሕፍት ቀይ ቀለም ለአምላክ፣ ለእመቤታችን፣ ለቅዱሳን ስም ነው። የእናቴን ስም ሲጽፉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ወለተ በጥቁር፣ ማርያም በቀይ። ልጂቱ በጥቁር፣ እመቤቲቱ በቀይ። የእርሳቸው ልጅ ሆኜ ይህን አላሰብኩትም።

ትርንጎስ አልኳቸው። ራሷን ያማታል፣ ጠበል አጠጥቻት ተኝታለች አሉ።

“አባ፣ እኛ ዘንድ ቀይ ማለት እማዬን የወሰዳት ነገር ነው።”

ቀስ ብለው፣ ምነው ታዲያ አለምነሽ እንዲያ ብላ በነገረችኝ አሉ። ከዚያ ተማሪዎቻቸውን ሲጣሩ ሰማሁ። ቃሬዛ ሲሉም ሰማሁ። ያንን ቃል ከእርሳቸው አፍ ዳግመኛ መስማት አልፈልግም ነበር።

ዓርብ፣ ሰኔ 9

የገበያ ቀን ነው። የድጓ ተማሪዎቹ በቃሬዛ እየተቀባበሉ ጭቃውን አሻግረዋታል፤ ከመኪና መንገድ አምቡላንሱ አነሳት። እኔ የምሠራባት ከተማ አርብ ገበያ ሲገባ ግን አህያና ሰው መንገዱን ሞልቶት ቆመ። አላስቻለኝም፣ ሮጬ ሄድኩ። የአምቡላንሱን በር ስከፍት ፊቷ አብጧል፤ አባ አጠገቧ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተቀምጠዋል።

“አቅልተሽኝ መጣሁልሽ” አለችኝ።

ልስቅም ላለቅስም ፈለግኩ። አለቀስኩ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ እንዳለችው ግፊቷ ከፍተኛ ነው፤ የልጁ ልብ ግን ደህና ይመታል። መርፌ ሰጥተዋታል። ካልወረደላት ወደ ነፋስ መውጫ ሆስፒታል ትላካለች። እጇን ይዤ ዋልኩ። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩትም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 10

እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት በየቀለሙ ጎን ቃል ጨመርኩ። ከቀዩ አጠገብ “አደጋ አለ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትምጣ” ይላል። አለምነሽም እያነበበች እንድትነግር ተስማማን፤ እሷም ሰምታ ከልቧ አዝናለች። አንደኛው እንግዳ ጽሑፉ አልበዛም ወይ ብሎ ጠየቀ። አቶ ጌትነት ቀድሞኝ የአባን ታሪክ አጫወተው፤ ራሱ ያሰበበት እስኪመስል ድረስ። ተውኩት። ልቤ ጤና ጣቢያ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 11

ወረደ! ብዙም ባይሆን ወረደ። ነፋስ መውጫ መሄዱ ለጊዜው ቀርቷል፤ እስክትወልድ ግን ከዚሁ አትነቃነቅም። ትርንጎ ሽሮው ጨው የለውም ብላ አማርራለች፤ ማማረሯ ደስ አለኝ። አባ ነገ የሰኔ ሚካኤል ቢሆንም ለማኅሌት አልተመለሱም። በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“ዛሬስ በምን ቀለም ናት?”

“በቢጫ፣ አባ።”

“ቢጫ ምን ይላል?”

“ጠብቁ ይላል።”

“እንግዲያማ እንጠብቃለና” አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

አፑ ነገ በሁሉም ቀበሌ ይከፈታል። የመሞከሪያዋን እናት ማጥፋት ነበረብኝ። መጀመሪያ አረንጓዴ አደረግኳት፤ ትንሽ አየኋትና አጠፋኋት። ቦታዋ ባዶ ሲሆን እንደ ልጅ ሆድ ባሰኝ።

ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት፦ ወለተ ማርያም። ሁለቱንም ቃል በቀይ። አባ ቢያዩት “ወለተ”ን በጥቁር ጻፊ ብለው ያርሙኛል። አላሳያቸውም።