ከፊኛው በኋላ የመጀመሪያው ጉርሻ

እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ላንቴ ወርደን አማቴ ቤት ምሳ በላን። የጨጓራዬ መግቢያ አልከፈት ብሎ ምግብ ደረቴ ላይ መቆም ከጀመረ ወዲህ የእሳቸውን ጉርሻ ተቀብዬ አላውቅም። በውጭ የማይታይ በሽታ ማን ያምናል? «የከተማ ልጅ፣ እጄን ተጸየፈች» ብለው ለጎረቤት ተናግረዋል።

ባለፈው ወር ሐኪሙ በአፌ ቱቦ አስገብቶ መግቢያውን በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ለጠጠልኝ። «ተመልሶ ሊጠብ ይችላል፤ ያኔ በቀዶ ጥገና ጡንቻውን መሰንጠቅ ነው» ብሎኛል። እስከዚያው በትንሽ በትንሹ፣ በደንብ አላምጦ መዋጥ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ለእናቱ በጋሞኛ አስረዳቸው። ምሳው ሲቀርብ ግን የዓሣውን እሾህ ለቅመው፣ በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ጉርሻው ጡጫ ያህላል።

«እማ፣ አሁን ነገርኩሽ እኮ!» አለ ባለቤቴ።

እኔ እንቢ ማለት ሰልችቶኛል። አፌን ከፈትኩ።

አማቴ አዩኝና እጃቸውን መለሱ። ጉርሻውን ቆርሰው ቆርሰው አውራ ጣት ያህል አደረጉት። ከዚያ እሱንም ለሁለት ከፈሉት።

«አንዱ ብቻማ ያጣላናል፣ ልጄ» አሉ።

የመጀመሪያው ወረደ። ሁለተኛው ደረቴ ላይ ቆመ። እያዩኝ ስለነበር ማወራረጃ ውሃ አላነሳሁም። ቆይቶ ወረደ።

መግቢያው ተመልሶ እየጠበበ ይሆን? ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ነገ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን ሦስተኛ ቢያጎርሱኝም አፌን እከፍት ነበር።